አሥራ ሦስተኛዋ ዓምድ

የቢሯችን ሠራተኛ አቤኔዘር ከአዲስ አበባ ሥልጠና ሲመለስ ከረባት አስሮ መጣ። ጋምቤላ ላይ፣ በሚያዝያ ሙቀት፣ ከረባት! ውሻ እንኳ ጥላ ለጥላ እየመረጠ በሚሄድበት ቀትር፣ እሱ አንገቱን አንቆ ቢሮ ለቢሮ እየዞረ ጨበጠን። የሠለጠነው ሁለት ሳምንት ነው። ሲያወራ ግን ኮምፒውተርን የወለደው እሱ ይመስላል።

እኔ ሺታዬ እባላለሁ፤ የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። በዚያን ጊዜ ክልሉ ገና ቢሮዎቹን እያደራጀ ነበር፤ የበር ላይ ጽሑፎቹ ቀለም ሳይደርቅ ሰው ይሾም ነበር። የተማረ ሰው ያጠረው መሥሪያ ቤት ሁሉ ከእኛ ትምህርት ቤት አስተማሪ ይዋሳል። እኔን የተዋሰኝ የወንዝና የውሃ ነገር የሚመለከተው ቢሮ ነው። ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ ሒሳብ እሠራላቸዋለሁ ተባለ፤ ዋናው ሥራዬ ግን የኃላፊውን የአቶ በሪሁንን መደመር ማረም ነበር።

ቢሮው አንድ ኮምፒውተር ነበረው። ለብቻው ክፍል፣ ለብቻው ቬንትሌተር፣ ዳርና ዳሩ የተጠለፈ ነጭ ልብስም ነበረው። ሠራተኛው በላብ ሲጠመቅ ይውላል፤ ቬንትሌተሩ የሚነፍሰው ለኮምፒውተሩ ነው። አቧራ እንዳይገባበት ተብሎ ማንም ሰው ጫማውን በር ላይ ሳያወልቅ አይገባም። አቶ በሪሁን ራሳቸው ያወልቃሉ፤ ካልሲያቸው አውራ ጣታቸው ላይ ቀዳዳ እንዳለው ቢሮው በሙሉ ያውቃል። እኔም አወልቅ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ቁልፉ እሳቸው ዘንድ ነው።

ፕሮግራሙን ያገኘሁት ከፑኝዶ ነው። በስደተኞች መጠለያው ውሃ የሚያስቆፍር አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል አንድ ሲዲና ጥቂት የታተሙ ገጾች ሰጠኝ። ኦክታቭ ይባላል። የሒሳብ ፕሮግራም ነው፤ ቁጥሮችን በሠንጠረዥ ትሰጡታላችሁ፣ የምትፈልጉትን በአንድ መስመር ትጽፉለታላችሁ፣ ያሰላል። ዋጋ የለውም። ውስጡም ክፍት ነው፤ የፈለገ እንዴት እንደተሠራ ያያል፣ የቻለ ያርማል፣ ላሻው ያድላል። ይህን በደስታ ሮጬ ለአቶ በሪሁን ነገርኳቸው።

«ነጻ ነው?» አሉ፣ ሲዲውን የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው።

«ነጻ ነው።»

«ባለቤቱ ማነው?»

«የሁሉም ነው። ማንም ሊጠቀምበት ይችላል።»

«እንግዲያው ቢሳሳት ማንን ነው የምንከሰው?»

ሒሳብ ሳስተምር ስንት ዓመቴ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ የለም። የረቱኝ መስሏቸው ደስ ስላላቸው ብቻ እንድጭነው ፈቀዱልኝ። ስጭነው ጄኔሬተሩ መሐል ላይ ጠፋብኝ፤ እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና ጠፋብኝ። በመጨረሻ ተሳካና ጥቁሩ እስክሪን ላይ የትእዛዝ መጻፊያው ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ። ለሙከራ ሁለት ሲደመር ሁለት ብዬ ጻፍኩ። አራት አለ።

«ለዚህ ለዚህማ እኔም አለሁ» አሉ አቶ በሪሁን። ወጥተው ጫማቸውን ሲያጠልቁ ሳቃቸው ኮሪደሩ ላይ ይሰማ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማንም አልደረሰብኝም። የታተሙትን ገጾች ጉልበቴ ላይ አድርጌ ብቻዬን ተማርኩ። ሠንጠረዥ በቅንፍ ውስጥ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ረድፍ ከረድፍ በምን እንደሚለይ፣ በመስመሩ መጨረሻ ላይ የእንግሊዝኛዋን ነጥብና ሰረዝ የረሳ ሰው ፕሮግራሙ የያዘውን ቁጥር ሁሉ እስክሪኑ ላይ እንደሚዘረግፍበት አወቅሁ። ስሳሳት ይነግረኛል። አይቆጣ፣ አያሽሟጥጥ፤ ስህተቱ እዚህ ጋ ነው ይልና ይጠብቀኛል። ከቢሮው ሁሉ ከልቤ ያከበርኩት ባልደረባ እሱ ነበር።

ሥራው የመጣው ከመንደር ስድስት ነው። መንደር ስድስት ኢታንግ ሳይደረስ ባሮ ዳር ያለች ሰፈራ ናት፤ በድርቁ ዘመን ከወሎ የመጡ ገበሬዎች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ እስከ ዛሬ ያርሱባታል። በቆሎው ሞልቷል፤ ወፍጮ የለም። ሴቶቹ እህሉን ተሸክመው ኢታንግ ይወርዳሉ፣ ወረፋ ይጠብቃሉ፣ ቀናቸው እዚያው ያልቃል። የሴቶች ማኅበራቸውን የሚመሩት ወይዘሮ ሙሚና ቢሮ ለቢሮ እየተንከራተቱ፣ የዘበኛ ግልምጫ እየጠጡ፣ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት አንድ የወፍጮ ሞተር አስፈቀዱ። ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ ሊወጣ ስለነበር ሁለተኛ እንደማይሰጥ ተናግሯል።

«ልጄ» አሉኝ አንድ ቀን ቢሮው በር ላይ አግኝተውኝ፣ «የኔ ወገብስ አንዴ ተቆርጧል። ይቺ ሞተር ካልተተከለች ልጆቼም እንደኔ ተሸክመው ነው የሚያረጁት። አደራሽን።»

ቢሮው የተጠየቀው ወፍጮ ቤቱ የት ይሠራ የሚለውን ብቻ ነው። ጀልባ ከሚቆምበት ዳርቻ አጠገብ ቢሆን ለሁሉም ይቀርባል፤ ባሮ ግን በክረምት ይወጣል። ከፍ ብሎ ትልቁ ሾላ ሥር ቢሆን ከውሃው ይርቃል፤ ሸክሙ ግን አቀበት ነው። ስለዚህ ውሃው ሲሞላ እስከ የት እንደሚደርስ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ልኬት አለን። ኢታንግ ላይ ወንዙ ውስጥ ምልክት የተደረገበት ብረት ቆሟል፤ ኩዎል የሚባል የቢሮው ሠራተኛ በየጠዋቱ ያነበዋል። በጳጉሜም ያነበዋል። የሥራ ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ ጠዋት ጠዋት ገላውን የሚታጠበው እዚያው ስለሆነ ነው። ጳጉሜ ለወር ደመወዝተኛ ምን እንደሆነች መቼም ይታወቃል፤ ቀን አላት፣ ደመወዝ የላትም።

የኩዎልን የብዙ ዓመት ቁጥሮች ልጽፍ ስቀመጥ አቶ በሪሁን መጡ። «ወይዘሪት ሺታዬ፣ ይህ እንግዲህ የባለሙያ ሥራ ነው» አሉኝና ወንበሩን ለአቤኔዘር ሰጡት።

ባለሙያው ዞር ብሎ በሹክሹክታ፣ «ቲቸር፣ ማትሪክስ የሚሉት ምንድነው?» አለኝ። «ሠንጠረዥ ነው» አልኩት። ቅንፍ መክፈትና መዝጋት፣ ከቁጥሮች መካከል ትልቁን ማውጣት አሳየሁት። የቀረውን ላሳየው ስል «በቃ፣ ገብቶኛል» አለ። በማግስቱ ለአቶ በሪሁን ማሳያ አዘጋጀ። ያችን ነጥብና ሰረዝ ረስቷታል፤ የጻፈው ቁጥር ሁሉ እንደ ዝናብ እስክሪኑ ላይ ይወርድ ጀመር። ኮምፒውተሩ የሰጡትን መልሶ እያነበበ ነበር እንጂ ምንም አላሰላም። አቶ በሪሁን በባዶ እግራቸው ቆመው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ወይ ጉድ! እንዴት ያለ ሥራ ነው የሚሠራው!»

«ሲስተም ነው ጋሼ» አለ አቤኔዘር፣ ከረባቱን እያስተካከለ።

ግንቦት ላይ ጥናቱ ቀረበ ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። ሽፋኑ በቀለም የታተመ፣ ማኅተም የረገጠው ጥናት ነው። አቤኔዘር ተነሥቶ ወንዙ ከወጣበት ሁሉ የላቀውን ከፍታ አነበበ፤ የጀልባው ዳርቻ ከዚያ በላይ ስለሆነ ወፍጮ ቤቱ እዚያ ይሠራ አለ። ተጨበጨበ። እኔ የታተመውን ሠንጠረዥ ሳብ አድርጌ አየሁት። አሥራ ሁለት ዓምድ ነው፤ ለየወሩ አንድ።

«አቤኔዘር፣ ጳጉሜ የታለች?»

«ጳጉሜን አልተቀበላትም፣ ቲቸር።»

«ማን?»

«ሲስተሙ ነዋ! አሥራ ሁለቱን ወር ሠላሳ ሠላሳ ረድፍ አድርጌ ሰጠሁት፣ ዝም ብሎ ተቀበለ። ጳጉሜን ሳስከትል በእንግሊዝኛ ጮኸብኝ። የረድፎቹ ቁጥር እኩል አይደለም፣ አምስት ከሠላሳ ጋር አይገጥምም አለ። አወጣኋት፤ ዝም አለ።»

አቶ በሪሁን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኮምፒውተሩ አልቀበልም ካለ እኛ ማን ሆነን እንቀበላለን? ደግሞስ ጳጉሜ ምን አላት? ደመወዝ የላት፣ በጀት የላት።»

ሠንጠረዡ አራት ማዕዘን ካልሆነ አልገባ ስላለው፣ ይህ ሰው ወንዙን ቆርጦ አራት ማዕዘን አደረገው! ባሮ አፍ እስከ ገደፉ የሚሞላው በነሐሴ ማለቂያና በመስከረም መግቢያ እንደሆነ ጋምቤላ ያደገ ሕፃን ያውቃል። በነሐሴና በመስከረም መካከል ያለችው ማን ናት? እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ጳጉሜን ያውቃታል፤ በየዓመቱ ያለ ደመወዝ ተርቦባታል። አንድም ሰው ግን ቀና ብሎ «እንዴ!» አላለም።

«ተነሡ፣ ላሳያችሁ» አልኳቸው። ተነሡ። በር ላይ ጫማ አወለቅን፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው ተሰልፈን ገባን። የኩዎልን የጳጉሜ ቁጥሮች በቀኖቿ ላይ ጻፍኩ፤ ቀን በሌላቸው ረድፎች ላይ ደግሞ «እዚህ ቁጥር የለም» የሚለውን ምልክት ሞላሁ። ፕሮግራሙ ትልቁን ሲፈልግ እንዲህ ያለውን ቦታ ዘሎት ያልፋል፤ እኔ የተማርኩባቸው ገጾች ላይ መጀመሪያ አካባቢ ተጽፏል። አሥራ ሦስተኛዋ ዓምድ ገባች። ማንም አልጮኸም። ከሁሉ ትልቁን አምጣ አልኩት፤ አመጣ። ከአቤኔዘር ቁጥር ይበልጣል፣ ከጀልባው ዳርቻም በአንድ ክንድ ተኩል ከፍ ይላል።

«ይህ ማለት» አልኳቸው፣ «እንዲህ ያለ ዓመት ሲመጣ ሞተሩ እዚያ ቆሞ ሳለ ውሃው ይውጠዋል። ሌላ ሞተር የለም።»

አቶ በሪሁን ወደ አቤኔዘር ዞሩ።

«እንግዲህ አንዱ ማሽን ሁለት ቁጥር ሰጠን። የታተመው የትኛው ነው?»

«የኔ» አለ አቤኔዘር።

«ማኅተም ያረፈበትስ?»

«እሱው።»

«ያው ነው እንግዲህ። በጀቱ ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል። አሁን ቦታ ቀየርን ብንል ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል። ሴቶቹ ወፍጮ እንዳያገኙ ነው የምትፈልጊው?» ብለው የወይዘሮ ሙሚና ጠላት እንደሆንኩ ሁሉ ገላመጡኝ። ሲወጡም፣ «ነጻ ነገር መጨረሻው ይኸው ነው» ሲሉ ሰማኋቸው።

ወፍጮ ቤቱ ከጀልባው ዳርቻ አጠገብ ተሠራ። ሰኔ ላይ ሪባን ተቆረጠ፤ አቤኔዘር ንግግር አደረገ፤ «በዘመናዊ ስሌት» የሚለውን ቃል እየደጋገመ ጆሯችንን አደነቆረው። ወይዘሮ ሙሚና እልል አሉ። እኔ ማጨብጨቡ አልሆንልኝ አለና ቦርሳዬን አቅፌ ቆምኩ።

ነሐሴ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። ከኩዎል ጋር በጀልባ መንደር ስድስት ሄድኩ። ወይዘሮ ሙሚና አዲሱ ቤት በር ላይ ዱቄት ለብሰው አገኘኋቸው፤ ፊታቸው ላይ ያለውን ደስታ ሳይ የመጣሁበትን ነገር ማንሣት ጨነቀኝ። ግን ነገርኳቸው።

«ኮምፒውተር ለክቶታል አሉን እኮ!»

«ኮምፒውተሩ የሰጡትን ነው የሚለካው፣ እማማ። ጳጉሜን አልሰጡትም።»

«ጳጉሜን? ምነው?»

«ደመወዝ የላትም ብለው።»

ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ እንዳልሳቅሁ ሲያዩ እሳቸውም ተዉት። ወደ ኩዎል ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ ጳጉሜ አየሁ» አለ ኩዎል። «ውሃ ትልቅ ነው። እዚህ ይመጣል።» እጁን ጭኑ ላይ አደረገ።

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ አይደለም። ይመጣል ግን።»

ወይዘሮ ሙሚና ሞተሩን አዩት። ጭሱን ግድግዳው ላይ እየለቀቀ ይደክም ነበር፤ ሴቶቹ ከረጢት ይዘው ተቀምጠዋል። ሲያስቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ቢሮው ይቆጣል» አሉ።

«ይቆጣል።»

«እንግዲህ ይቆጣ። አንቺ ተሳስተሽ እንደሁ መልሰን እንሸከመዋለን፤ ሸክም አልጠፋብን። እነሱ ተሳስተው እንደሁ ግን ሌላ ሞተር ማን ይሰጠናል?»

ወንዶቹ ከእርሻ ተጠሩ። ብሎኖቹ ተፈቱ፤ ሞተሩ በአጣና ላይ ታሰረ፤ በጭቃው አቀበት እየወደቁ እየተነሡ፣ አንዱ አንዱን እየተሳደበ፣ እስከ ሾላው አወጡት። ሸራ ወጥረው ተከሉት። ማታ ላይ ሁላችንም ጭቃ በጭቃ ሆነን ስንተያይ፣ ምናልባት ውሃው ዘንድሮ ባይመጣስ ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ልናገር፣ ይምጣ ብዬ ተመኘሁ። ያ ሁሉ ሰው በእኔ ቃል ነው የተሸከመው።

መጣ። ጳጉሜ ገብታ፣ ልጆች የሩፋኤልን ዝናብ ሊጠመቁ ራቁታቸውን በሚሯሯጡበት ጠዋት፣ ባሮ ከአፋፉ ወጣ። የጀልባው ዳርቻ ጠፋ። አዲሱ ወፍጮ ቤት እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆመ፤ የተቆረጠው ሪባን ቁራጭ በሩ ላይ ታስሮ ቀርቶ ስለነበር ውሃው እያነሣ ይጥለው ነበር። ከላይ ሾላው ሥር ሞተሩ ይፈጫል።

ወደ ቢሮው መልእክት ላክን። ጳጉሜ ላይ የመስክ አበል ስለማይታሰብ ከመስከረም በፊት ሰው መላክ አይቻልም ተባለ።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ በላይኛው መንገድ በቶዮታ መጡ። አቶ በሪሁን ለበዓል የገዙትን የሚያብረቀርቅ ጫማ ተጫምተዋል፤ አቤኔዘር ከረባቱን አስሯል። ውሃው ገና አልጎደለም። ሁለቱም መጀመሪያ ያዩት ቤቱን ሳይሆን ሞተሩን ነው።

አቤኔዘር ወደኔ ጠጋ አለ። «ቲቸር፣ ያ ባዶውን የሞላሽበት ምልክት ምን ነበር ስሙ?»

«በጳጉሜ ና፣ ያኔ አሳይሃለሁ» አልኩት።

አቶ በሪሁን ግን ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ይህን ማን ፈቀደ? ሞተሩ ጥናቱ ከወሰነለት ቦታ ውጪ ነው! የመንግሥት ንብረት እንደፈለጋችሁ የምትሸከሙት የበቆሎ ጆንያ መሰላችሁ? ዛሬውኑ ወደ ቤቱ ይመለስ!»

ሴቶቹ ወደ ወይዘሮ ሙሚና ዞሩ። እሳቸው ዱቄት የነካ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ቁልቁል፣ ውሃው መሐል ወደቆመው ቤት ጠቆሙ።

«እሺ ጌታዬ፤ መንግሥት መልሱ ካለ እንመልሳለን። የት ጋ እንደምናቆመው ግን ገብተው ያሳዩን።»

አቶ በሪሁን ጥቂት ወደ ቁልቁለቱ ሄደው ቆሙ።

«ጫማዎ እንዳይበላሽ አውልቀው ይግቡ» አሉ ወይዘሮ ሙሚና፣ በትሕትና። «ለኮምፒውተሩ ያወልቃሉ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ይህን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ አልጸጸትበትም። ሞተሩ ከኋላችን ይፈጫል። አቶ በሪሁን ውሃውን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ፣ ወደ መኪናው ተመለሱ።